ዋይፋዩን ማን ሠራው?

አቶ ወንደሰንን የገደላቸው ሰው በመግደል ብቻ አልረካም። በጅግጅጋ የከባድ መኪና መለዋወጫ በመነገድ የሚታወቁት እኚህ ሰው፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ከጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በአሮጌ ራዲያተርና በባሌስትራ ክምር መሐል በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መንጋጋቸው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። አንገታቸው ላይ ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ ዞሮ ዞሮ ታስሯል። ይህም አንሶ አንዲት ነጭ የዋይፋይ ሳጥን በጫማ ተደፍጥጣ ጀርባቸው ላይ ተቀምጣለች። ሬሳ ላይ ማላገጥ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ኢንስፔክተር እፀገነት ተንበርክካ አየቻቸው። አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሷም ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ሬሳ ብርቋ አይደለም። ግራ ያጋባት ሌላ ነው። እንዲህ የተፈለጠ ጭንቅላት ብዙ ደም ማፍሰስ ነበረበት፤ ሲሚንቶው ላይ ያለው ግን ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም።

"ማን አገኛቸው?" አለች።

"ታናሽ ወንድማቸው፣ የኋላሸት፣" አለ ረዳቷ ሳጅን ዐብዲሰላም። "ጠዋት ቱሊ ጉሌድ ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ ነበር። አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሶ ወደ መጋዘን ሲገባ አገኛቸው። ከዚያ አንድ ስም እየጠራ እየጮኸ ወደ ውጭ ወጣ።"

"የማን ስም?"

"የዋበሪን። ዋይፋይ የዘረጋላቸው ልጅ ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ለጥገና መጥቶ ተጣልተው ነበር አሉ።"

"ልጁስ የት ነው?"

ዐብዲሰላም አንገቱን ደፋ። "የሰፈሩ ጎረምሶች ወደ ቤቱ እየሮጡ ነው፣ ኢንስፔክተር።"

እፀገነት ወደ መኪናው ሮጠች።

ከገበያው ጀርባ ሲደርሱ ዋበሪ መሬት ላይ ነበር። ከእናቱ ደጃፍ ጎትተው አውጥተውታል። አንዱ በድንጋይ አፉን ይመታዋል፣ ሌላው ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በጫማው ተረከዝ ጣቶቹን ይደቁሳል። "በነዚህ ነው ያነቃቸው" ይላል እየደጋገመ። የልጁ እናት ሳዳ ላዩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በጡጫ ይመልሷቸዋል። ማዶ ደግሞ የልጁ ዘመዶች ዱላና ሜንጫ ይዘው መሰብሰብ ጀምረዋል። እፀገነት ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች።

"ቀጣዩ ጥይት ጉልበት ነው የሚመታው" አለች። "ከልጁ ላይ ውረዱ።"

ወረዱ። ሐሞተ ቢስ ሁሉ በመንጋ ነው ጀግንነቱ። ዋበሪን በፖሊስ መኪና ወንበር ላይ አጋድመው ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ደሙ በበሩ ስር ይንጠባጠብ ነበር።

ሐኪሙ ሁለቱንም አየ፤ ሟቹንም ልጁንም። ስለ ሟቹ የተናገረው አጭር ነው፤ ገመዱ የታሰረው ከሞቱ በኋላ ነው፣ የገደላቸው ደጋግሞ ያረፈባቸው ከባድ ብረት ነው። "ደማቸውም የፈሰሰው ሌላ ቦታ መሆን አለበት" አለ። ስለ ልጁ ሲናገር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቋጥሯል፣ ሌሊቱን ካደረ ተስፋ አለው።

ዋበሪ ከንፈሩ አብጦ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ቃል ለማውጣት ይታገል ነበር። እፀገነት ጆሮዋን አስጠጋች።

"አልገደልኩም" አለ። "በጥፊ መቱኝ፤ ሌባ አሉኝ። እኔም ሰደብኳቸው።"

"ለምን መቱህ?"

"አቃተኝ። ዋይፋዩን መሥራት አቃተኝ። እንደሞተ ትቼው ወጣሁ።" ከዚያ ዓይኑ ተገለበጠ።

የጣቢያው አዛዥ ስልክ ደወሉላት። "ልጁ መጣላቱን አምኗል አሉ። የሟቹ ወንድምም መስክሯል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"የሟቹን ደም" አለች።

"ስሚኝ እፀገነት። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው። ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው፤ የልጁ ዘመዶችም እዚያው በር ላይ ተቀምጠዋል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ልጁን የማድንበት መንገድ የለኝም።"

እውነታቸውን ነው። ይቺ ከተማ በዚያ የሁከት ሐምሌ እሳትን በወሬ ሳይሆን በዓይኗ ያየች ናት፤ የአንድ ሰው ደም ስንቱን ጎትቶ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ አገኙት። ከመንገድ በኩል ትልቁ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳው ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ከኋላው ሰርቪስ ቤት፣ ከዚያም ጓሮ መጋዘኑ። በትልቁ ቤትና በሰርቪሱ መሐል፣ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት፣ ሮቶ የውሃ ታንከር በብረት እግር ላይ ቆሟል። ዐብዲሰላም እጁን ሊታጠብ ቧንቧውን ቢከፍተው አንድ ጠብታ አልወጣም።

"ተወው ልጄ" አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ለተማርያም ከበሩ ላይ። "ውሃ ካየን ሁለት ሳምንታችን ነው።" ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል።

እፀገነት ትናንት የት እንደዋሉ ጠየቀቻቸው። ራሳቸውን አሟቸው መኝታ ቤት ተኝተው እንደዋሉ፣ ምንም እንዳልሰሙ ነገሯት። ባላቸው ሲሞቱ አልሰማሁም ያሉት እኚህ ሴት፣ ጎረቤት ሲያስል እንኳ ይሰማሉ ተብለው በሰፈሩ የሚታሙ ናቸው።

የኋላሸት ከድንኳኑ ወጥቶ መጣ። ደረቱን ሲመታ አድሮ ድምፁ ዘግቷል። "እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አለ። "ነፍሰ ገዳዩን ሆስፒታል አስተኝታችሁ እያስታመማችሁት እኛን ትመረምራላችሁ?"

"ከቱሊ ጉሌድ ስንት ሰዓት ተመለስክ?"

"ትናንት ተናገርኩ እኮ፣ አመሻሽ ላይ።"

ዐብዲሰላም ቱሊ ጉሌድ ደወለ። ዕቃውን የተረከበው ደንበኛ እውነቱን ነው፣ መጥቷል አለ። እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ ግን እንጃ፤ እሱ ወደ ሶላት ሲሄድ የኋላሸት መናኸሪያ በኩል ነበር። ሌላም ጠርጥረው ነበር። ባለፈው ሳምንት በበሰበሰ ማርሽ የተነሳ አቶ ወንደሰንን እገድልሃለሁ ያለ የደገሀቡር ሹፌር አለ። የደገሀቡር ፖሊስ ሲያጣራ ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደም። ያም መንገድ እዚያው ላይ ተዘጋ።

የቀረችው የሰርቪስ ቤቱ ተከራይ ሳህራ ናት። ሸደር ስደተኞች ጣቢያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ትሠራለች። እንዳለቀሰች ታስታውቃለች።

"ዋበሪ አይደለም" አለች ገና ሳትጠየቅ። "ዋላሂ አይደለም። ሰው የሚገድል ሰው መጀመሪያ ዋይፋይ ሠርቶ ይገድላል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከዐስር ሶላት በኋላ ከሸደር ስመለስ ዋይፋዩ እሳት ሆኖ ጠበቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ አወራሁ። ጎሽ፣ ዛሬስ ተሳካለት ብዬ ለዋበሪ መረቅሁለት።"

እፀገነት ቆመች። ልጁ በሞትና በሕይወት መሐል ሆኖ፣ በራሱ ላይ እየመሰከረ፣ አልሠራሁትም ብሏል። ለመዋሸት ቢፈልግ ሠርቼላቸው በሰላም ተለያየን ማለት ይሻለው ነበር። ይቺ ደግሞ ተሠርቶ አገኘሁት ትላለች። ሁለቱም እውነት ከተናገሩ፣ እሱ ከወጣ በኋላ ዋይፋዩን ማን ሠራው?

"አሳዪኝ እስቲ" አለች።

ሳህራ እያዞረች አሳየቻት። ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው። ዋናዋ ሳሎን መስኮት ላይ ተቀምጣለች፤ እሷ ለሰርቪሱ በረንዳ ሳጥን በአየር ታቀብላለች፣ የሰርቪሷ ደግሞ ለመጋዘኗ። የተደፈጠጠችው የመጨረሻዋ ናት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ከተዘረጋ ጀምሮ ሰላም ሰጥቷቸው አያውቅም። ሰርቪሱና መጋዘኑ አንዴ ይሠራላቸዋል፣ አንዴ ድርግም ይላል።

"የሚጠፋው መቼ መቼ ነው? መብራት ሲዋዥቅ?"

"መብራት ደህና ሆኖም ይጠፋል። ዋበሪ ቮልቴጅ ነው ይላል፤ ማረጋጊያ ገዛ፣ ለወጠ፣ ገመድ ቀየረ፣ ምንም የለም። ጋሽ ወንደሰን ደግሞ ጎረቤት እየሰረቀን ነው ብለው ሁልጊዜ የይለፍ ቃል ያስቀይራሉ። እኔን ብትጠይቂኝ" አለችና ፊቷ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣ፣ "ቦቴው ነው ጂን ይዞብን የሚገባው።"

"የምን ቦቴ?"

"የውሃ ቦቴ። ውሃ በሞላልን ቀን ዋይፋዩ ይሞታል፤ ውሃው ሲያልቅ ይነሳል። እትዬ ለተማርያምን ሁልጊዜ በዚህ እቀልድባቸዋለሁ። ትናንትም ጠዋት ስወጣ ቦቴው ሲገባ አይቼ፣ ዛሬም ዋይፋያችንን ቀበርነው ብያቸው ስቀን ነው የተለያየነው።"

እፀገነት ወደ ድንኳኑ አየች፤ ከዚያ ሳህራን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳዋ አስገባቻት። "ትናንት ጠዋት ቦቴ መጥቷል?"

"በዓይኔ አይቼ።"

"ስትመለሺስ? ሌላ ያየሽው አለ?"

ሳህራ አሰበች። "በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ብዙ አንኳኳሁ። እትዬ ከፈቱልኝ። የቀሚሳቸው ጫፍ እርጥብ ነበር። ልብስ ሲያጥቡ መስሎኝ።"

ዐብዲሰላም የቦቴውን ሹፌር በስልክ ፈልጎ አገኘው። ሰውየው ታንከሩን ትናንት ጠዋት አፉ ድረስ ሞልቼ፣ ጋሽ ወንደሰን ራሳቸው መርቀው ሸኝተውኛል አለ። እፀገነት ቦቴውን ይዘህ አሁኑኑ ና አለችው።

ለቀስተኛው ጉድ አለ። ሬሳ ሳይቀበር፣ ሰው እያለቀሰ፣ ፖሊስ ውሃ ያስቀዳል። የኋላሸት ግን ከወንዶቹ ጋር ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመውሰድ ቀድሞ ወጥቷል። ወይዘሮ ለተማርያም ከሴቶቹ መሐል ተነስተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ሳህራ ስልኳን ይዛ ሰርቪሱ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ እፀገነት ከኋላዋ ቆማ ታያለች። ቱቦው ማፍሰስ ሲጀምር የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነበር። ታንከሩ ሲጋመስ አንድ መስመር ጎደለ። ወደ አፉ ሲጠጋ ጭራሽ ጠፋ።

"ያ አላህ" አለች ሳህራ። "ውሃው ነው የሚከልለው።"

ያ ሁሉ ጥፊ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ የማረጋጊያ ግዢ ለዚህ ነበር። ታንከሩን ሁለት ክንድ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ በቂ ነበር፤ ግን ውሃ እንደ ግድግዳ ይጋርዳል ብሎ ማን ያስባል? እፀገነት ያሳሰባት ይህ አልነበረም። ታንከሩ ጠዋት ሞልቷል። ቀትር ላይ ዋበሪ ሲወጣ ዋይፋዩ ሞቶ ነበር፤ ስለዚህ ውሃው ገና አለ። ዐስር ላይ ዋይፋዩ ተነሳ፤ ስለዚህ ውሃው አልቋል። በጅግጅጋ፣ በጂላል፣ ሰማዩ ሁሉ ደርቆ ግመል ለውሃ ቀን ሙሉ በሚጓዝበት በጋ፣ አንድ ታንከር ውሃ በአንድ ከሰዓት የሚደፋ ማነው? ደፍቶስ ውሃ አልነበረንም ብሎ የሚዋሽ?

ወደ በረንዳው ሴራሚክ ሄደች። ከሁሉም የጠዳ እሱ ነው። ውሃው በግቢው በር ወደ መንገድ ቢፈስ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነበር፤ ደጁ ግን አቧራ ብቻ ነው። እንግዲህ የት ገባ? እፀገነት እዚሁ ያደገች ስለሆነ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። እናቷ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እንኳ ሜዳ ላይ ስትደፋ አይታት አታውቅም። ቀጥ ብላ ከቤቱ ጎን ወዳሉት ፓፓያዎች ሄደች። አፈሩን በእጇ ዘገነችው። ጭቃ ነበር፤ ላዩ ላይ ዝንብ ተንጋግቷል።

"አካፋ አምጣ" አለችው ዐብዲሰላምን።

ሁለት ጊዜ ነበር የቆፈረው። በሁለተኛው ጥቁር ደም ያነቀው አፈር፣ የአጥንት ስባሪና ከነሥሩ የተነቀለ የሰው ጥርስ ወጣ። ወይዘሮ ለተማርያም ከበረንዳው ሆነው አዩትና እዚያው ተቀመጡ።

እፀገነት አጠገባቸው ተቀመጠች። "እትዬ ለተማርያም፣ ልጁ ሆስፒታል ሊሞት ነው። እርስዎ ያውቃሉ እሱ አለመሆኑን።"

"የኋላሸት ነው" አሉ። "ከቱሊ ጉሌድ ገና ቀትር እንዳለፈ ሲመለስ ወንዴ በረንዳው ላይ ከገዢ ጋር በስልክ ያወራ ነበር። ይህን ግቢ ሸጦ አዲስ አበባ ሊገባ ነበር። የኋላሸት የክሪኩን ዘንግ ከመኪና አውጥቶ ከኋላው መጣ። ወንዴ ሲወድቅ አላቆመም። ፊቱን ሁሉ... እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዘንጉን ሽንት ቤት ከተተው፤ ልጁ ተጣልቶ መውጣቱን ከኔ ሰምቶ ሬሳውን መጋዘን ጎትቶ የዋይፋዩን ገመድ አሰረበት። ከዚያ እጠቢ አለኝ። አጠብኩ። አሁንም ይታያል፣ ድገሚ አለኝ፤ ውሃው እስኪያልቅ አጠብኩ። ብትናገሪ አንቺን እደግማለሁ አለኝና ወጣ፤ አመሻሽ ላይ ገና እንደመጣ ሆኖ ገባ።"

"ውሃውን ወደ ፓፓያው የመሩት እርስዎ ነዎት?"

ሴትየዋ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "እጄ ለምዶ ነው" አሉ። "በዚህ በጂላል ውሃ እንዴት ይደፋል?"

ሬሳው በዚያ ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እየሄደ ነበር። እፀገነት ስትደርስ የኋላሸት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይፎክራል፤ ዙሪያውን የትናንቶቹ ጎረምሶች አሉ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እዚህ ደግሞ አራጁ አልቃሽ ሆኖ ይመራል።

"ከቀብር በኋላ ወዴት እንደምንሄድ ታውቃላችሁ" ይላቸዋል።

"አንተ ከኔ ጋር ነው የምትሄደው፣ የኋላሸት" አለች እፀገነት። "ለተማርያም ሁሉንም ተናግረዋል። የጋሽህን ጥርስ ከፓፓያው ሥር አውጥቻለሁ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ከቀባሪው እጅ አካፋ ነጥቆ ወረወረባት፤ ዐብዲሰላም መሐል ገባና ስለቱ ትከሻውን ሰንጥቆት ወደቀ። የኋላሸት አካፋውን አንስቶ ደገመ። እፀገነት ከጎን ገብታ በሽጉጧ ሰደፍ ጉንጩን አለችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በአፈሩ ክምር ላይ ተደፋ። ከጎረምሶቹ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም።

"ለኔ ነው የሚገባው" እያለ ይጮህ ነበር በካቴና ሲታሰር፣ ደሙን እየተፋ። "ያን ሐምሌ፣ ቤት ሲቃጠል፣ እሱ አዳማ ቁጭ ብሎ ስልክ ይደውላል። እኔ ነኝ በሩ ላይ የቆምኩት። እኔ ነኝ በድንጋይ የተወገርኩት። ከዚያ መጥቶ ይሸጠዋል? የአባቴን ግቢ?"

ትናንት የዋበሪን ጣት የደቆሰው ጎረምሳ ሲሰማ ቆይቶ ዞር አለና ብቻውን ወደ መንገዱ ወጣ።

ወደ ሆስፒታሉ የሄደ ሰው አልነበረም። የዋበሪ ዘመዶችም ዱላቸውን ጥለው ተበተኑ። ዋበሪ አድሮ ነበር። ሐኪሙ ይተርፋል አለ፤ የቀኝ ዓይኑ ግን ፈስሷል፣ ሁለቱ ጣቶቹም ተቆርጠዋል። እናቱ ሳዳ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እፀገነት ገዳዩ መያዙን፣ ማን እንደሆነም ነገረቻቸው።

ሳዳ ስሙን ሲሰሙ ቀና አሉ። "የኋላሸት? የወንደሰን ታናሽ?"

"ያውቁታል ሆዮ፣ እናቴ?"

"ያን ሐምሌ ሰዎች እያሳደዱት በኛ ደጅ ሲሮጥ በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ፈራሁ፣ ምን ልበልሽ፣ አልከፍትም አልኩ። ይሄ ልጅ ያኔ ገና ትምህርት ቤት ነው። ከእጄ አምልጦ ሄዶ ከፈተለት። አልጋ ሥር ደበቅነው። ሲነጋ ዋበሪ ነው የኔን ድሪዕ ቀሚስ አልብሶ፣ እጁን ይዞ ወደ ፖሊስ ያሻገረው።" የልጁን አንሶላ አስተካከሉ። "ምናልባት ረስቶት ይሆናል። ልጅ ያድጋል፣ መልኩ ይለወጣል። ንገሪው ልጄ። ማን እንደነበር ንገሪው።"

እፀገነት ጣቢያ ተመልሳ የእስር ቤቱን በር አስከፈተች። የኋላሸት ጉንጩ አብጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የተላከችውን አንድ በአንድ ነገረችው፤ አልጋውን፣ ድሪዑን፣ እጁን የያዘውን ልጅ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"እሱ መሆኑን። ዋይፋይ ሊዘረጋ የመጣ ቀን ነው ያወቅሁት። እሱም አውቆኛል፤ ግን ለሰው አልተናገረም።" እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። "የዚያን ቀን የተጣላው እሱ ነው፤ ሌላ የማንን ስም ብጠራ ነው ሰዉ ወዲያው የሚያምነኝ?"

ጠባቂው በሩን ዘጋ፤ እሷም እጇን ልትታጠብ ወደ ውጭ ወጣች።